ዜሮ ታየ ብላችሁ አትቸኩሉ፦ በስስ ሱፐርኮንዳክተሮች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ግራፉ ላይ ዜሮ ሬዚስታንስ ስላያችሁ ብቻ ሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ሬዚስታንስ፣ ማለትም ያለ እንቅፋት፣ የሚያሳልፍ ቁስ) አገኘን አትበሉ። ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት! ሬዚስታንስ የሚለካው በአራት ኮንታክት ነው። ከረንቱ በሁለቱ ያልፋል፤ ቮልቴጁን ሌሎቹ ሁለቱ ያነባሉ። ናሙናው ሲቀዘቅዝ ግን አንዱ ኮንታክት ሊላቀቅ ይችላል። ወይም ከረንቱ ሌላ መንገድ ያገኝና ቮልቴጅ በምታነቡበት በኩል ሳያልፍ ይቀራል። ያኔም መሣሪያው ዜሮ ያሳያችኋል። አንዳንዴ እንዲያውም ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ይህ የከረንቱ መንገድ እንደተዛባ የሚናገር ምልክት እንጂ ግኝት አይደለም። ስለዚህ ኮንታክቶቹን እያቀያየራችሁ ለኩ። ከረንቱን ጨምሩ፤ ሱፐርኮንዳክተር ከሆነ የሆነ መጠን ላይ ሬዚስታንሱ ተመልሶ ይመጣል። መግኔታዊ መስክም ስጡት፤ የሽግግሩ ሙቀት፣ ማለትም ቁሱ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀት፣ መውረድ አለበት። እነዚህን ሳትሠሩ ውጤቱን ለማንም አታሳዩ።

ተቃራኒውም አለ። በጣም ቀዝቅዞም ሬዚስታንሱ ዜሮ አልደርስ ሲል "አዲስ ዓይነት ብረት ነው" ለማለት የሚሮጡ ሞልተዋል። በ2019 የታተመ ጥናት ስስ ኒዮቢየም ዳይሴለናይድን (ንብርብር በንብርብር የተሠራ ሱፐርኮንዳክተር) ፈትሾ ነበር። በገመዶቹ የሚገባው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኖይዝ (ያልተፈለገ የኤሌክትሪክ ረብሻ) በፊልተር ሲታገድ ያ ቀሪ ሬዚስታንስ ጠፋ። ፊልተር ሳይኖር ስለ አዲስ ብረት ማውራት ተገቢ አይደለም።

ሌላው ጥድፊያ የፓውሊን ወሰን ይመለከታል። በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፤ ወሰኑ መግኔታዊ መስክ ስፒናቸውን (የየራሳቸውን ጥቃቅን መግኔትነት) አዙሮ ተራዎቹን ጥንዶች የሚያፈርስበት መጠን ነው፤ ለእያንዳንዱ ኬልቪን የሽግግር ሙቀት 1.86 ቴስላ ገደማ ነው። ናሙናው ከዚያ በላይ ከቻለ "ጥንዶቹ ትሪፕሌት ናቸው" ይባላል፤ የሁለቱ ኤሌክትሮኖች ስፒን አንድ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ግን አንድ ንብርብር ብቻ ያለው ኒዮቢየም ዳይሴለናይድ ለንጣፉ ትይዩ በሆነ መስክ ወሰኑን ከ6 እጥፍ በላይ ያልፈዋል። ምክንያቱ የክሪስታሉ ስፒን-ኦርቢት ትስስር (የኤሌክትሮኑ ስፒን ከእንቅስቃሴው ጋር መያያዙ) ነው፤ ስፒኖቹን ከንጣፉ ቀጥ አድርጎ ስለሚይዛቸው ትይዩው መስክ ሊያዞራቸው አይችልም። ይህን ለማብራራት ትሪፕሌት አያስፈልግም።

የስትሮንቲየም ሩተኔትን ታሪክ ለጀማሪዎች ሁሉ እነግራለሁ። ይህም ድርብርብ ቁስ ነው፤ የሽግግሩ ሙቀት 1.5 ኬልቪን ገደማ ነው። በ1998 በኒውክሌር መግኔታዊ ሬዞናንስ (በራዲዮ ምት የአተሞቹን ኒውክሌር ምልክት የሚያነብ ዘዴ) ሲለካ ስፒኖቹ ለመግኔታዊ መስክ የሚሰጡት ምላሽ ከሽግግሩ በታችም አልቀነሰም፤ ጥንዶቹ ተራ፣ ማለትም ስፒናቸው ተቃራኒ ቢሆን ግን መቀነስ ነበረበት። ትሪፕሌት ነው ተባለ፤ ከ20 ዓመት በላይም ብዙዎች አመኑት። በ2019 ልኬቱ ሲደገም ግን ምላሹ ቀነሰ። ለካስ የራዲዮ ምቱ ናሙናውን እያሞቀው ኖሯል! ቴርሞሜትራችሁ የሚነግራችሁ የራሱን ሙቀት ነው። ኃይሉን ቀንሳችሁ ድገሙት፤ ውጤቱ ከተቀየረ የመጀመሪያውን ጣሉት።

ስሱን ኒዮቢየም ዳይሴለናይድ አየር ላይ አትተዉት፤ ይበላሻል። ግላቭ ቦክስ (አየር የማያስገባ የሥራ ሳጥን) ውስጥ በቦሮን ናይትራይድ ሸፍኑት።

የተጠማዘዘ ግራፊን (በትንሽ ማዕዘን ዞረው የተደራረቡ ሁለት ስስ የካርቦን ንጣፎች) የያዛችሁ ደግሞ አንድ ማዕዘን ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። የኤምአይቲ ቡድን በ2018 በ1.1 ዲግሪ አካባቢ እስከ 1.7 ኬልቪን የሚደርስ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ አሳይቷል። በዚህ ቁስ ጥቂት የዲግሪ አሥረኛዎች ሁሉን ይለውጣሉ፤ ማዕዘኑም በአንዱ ናሙና ውስጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከእያንዳንዱ የኮንታክት ጥንድ ለየብቻ አስሉና ሁሉንም ጻፉ፤ ያልሠሩትንም ጭምር።