በመትከያ ያሉ የማጣፈጫ ተክሎችን ያለ ፕላስቲክ እንዴት ማሸግ ይቻላል?

ከነሥሩ የሚሸጥ ወይም ለወዳጅ የሚላክ በሶብላ፣ ናና ወይም ጦስኝ ብዙውን ጊዜ ሦስት ፕላስቲክ ይዞ ይመጣል፦ መትከያው፣ ቅጠሉን የሚሸፍነው ከረጢትና ስሙ የተጻፈበት ምልክት። ሦስቱንም በወረቀት፣ በካርቶንና በሲባጎ መተካት ይቻላል። የወረቀት ጠላቱ ውሃ ስለሆነ ግን ሥራው የሚጀምረው ከመጠቅለያው ሳይሆን ከውሃ ማጠጣቱ ነው።

ተክሉ በማግስቱ ጠዋት የሚታሸግ ከሆነ በዋዜማው ማታ መትከያውን ጥቂት ውሃ በያዘ ሳህን ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ያስቀምጡት። አፈሩ ከሥር ወደ ላይ ይጠጣል፣ ቅጠሉም ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ከዚያ አውጥተው ሌሊቱን ያንጠፍጥፉት። ጠዋት አፈሩ ሲነካ እርጥብ፣ የመትከያው ሥር ግን የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። አሁንም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ማሸጉን ያቆዩት፤ እዚህ ላይ መቸኮል የኋላውን ልፋት ሁሉ ያበላሻል። ቅጠሉ ላይ ውሃ አያርከፍክፉ። እርጥብ ቅጠል ሲታፈን ግራጫ ሻጋታ ይይዘዋል። የፕላስቲክ ከረጢትም ትልቁ ጉዳቱ ይኸው ነው፦ ቅጠሉ የሚያወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ በከረጢቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠል ሆኖ ይቀራል። ወረቀት እንፋሎቱን ያሳልፈዋል።

ለመትከያው የተሻለው ምርጫ ሸክላ ነው፤ ዕድሜው ረጅም ነው። ክብደቱ ካስቸገረ ከኮኮናት ቃጫ ወይም ከእንጨት ቃጫ የተሠራ ይጠቀሙ። ለትንሽ ችግኝ ጋዜጣም ይበቃል። ቁራጩን በጠርሙስ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠቅልሉ፣ ከጠርሙሱ ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፈው ወደ ውስጥ እያጠፉ ይጫኑት፣ ከዚያ ጠርሙሱን ያውጡ። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ለዚህ አይሆንም። የወረቀት ኩባያም ቢሆን ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ አይታመንም።

ቀጥሎ መጠቅለያው ይሠራል። አፉ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መትከያ ዙሪያው 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 45 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ካኪ ወረቀት ይቁረጡ፤ ቁመቱ ከመትከያው ሥር እስከ ተክሉ ጫፍ ካለው በ4 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ቅጠሎቹን በአንድ እጅ ቀስ አድርገው ወደ ላይ ሰብስበው ወረቀቱን በመትከያው ላይ ያዙሩት፤ ታችው ጠበቅ፣ ላይኛው ሰፋ ይበል። ወረቀቱ እንደ ቀንድ ስለሚሾል የታችኛው ጠርዝ መንሻፈፉ አይቀርም፤ በመቀስ ያስተካክሉት። መጋጠሚያውን በዱቄት ሙጫ ያያይዙ። ሙጫው አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ በጥብጦ፣ እያማሰሉ እስኪወፍር በማብሰል ይዘጋጃል። ከደረቀ በኋላ ከመትከያው ከንፈር ሥር ሲባጎ ያስሩ። ይህቺ ቋጠሮ እንዳትቀር፤ መትከያው ከወረቀቱ ሾልኮ እንዳይወድቅ የምትይዘው እርሷ ናት። አፉን አይዝጉት።

የተክሉን ስም በእርሳስ በወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ የእርሳስ ጽሑፍ ውሃ ቢነካውም አይፈስም።

ብዙ መትከያዎች አብረው የሚጓዙ ከሆነ ካርቶን ያስፈልጋል። በካርቶኑ ውስጥ የሚገባ ሌላ ጠፍጣፋ ካርቶን ወስደው፣ ከመትከያው ከንፈር ጥቂት የጠበቡ ክብ ቀዳዳዎች ይብሱበት። መትከያዎቹ በከንፈራቸው ተንጠልጥለው ሳይጋጩ ይጓዛሉ። የካርቶኑ ሞገድ መስመሮች በጎኖቹ ላይ ወደ ላይ የቆሙ ይሁኑ፤ ሲደራረብ ክብደት የሚችለው እንደዚያ ሲሆን ነው። ጎኖቹን ለአየር ይብሱ። የበሰለ ፍራፍሬ አብሮ አይጫን፤ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ቅጠሉን ያስረጀዋል። በሶብላ ደግሞ ብርድ አይችልም፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ከዋለ ቅጠሉ ይጠቁራል።

ከበቆሎ የተሠራ ነው ተብሎ የሚቀርብ ግልጽ ከረጢት ሊያማልል ይችላል። ፒኤልኤ የተባለው ዓይነት ግን ለመበስበስ በኢንዱስትሪ ኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ የሚገኘውን 58 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ በጓሮ ክምር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ይቆያል። እኔ ካኪውን እመርጣለሁ።

ለተቀባዩ ሁለት ነገር ይንገሩት። መጠቅለያውን በደረሰበት ቀን አውልቆ ተክሉን ብርሃን ያለበት ቦታ ያስቀምጠው፤ ወረቀቱንና ሲባጎውን ቆራርጦ ኮምፖስት ውስጥ መጨመር ይችላል። ችግኙ በጋዜጣ መትከያ ከሆነ ደግሞ ከነጋዜጣው ይትከለው፤ ከአፈሩ በላይ የሚቀረውን ጠርዝ ግን ይቅደደው፤ አለበለዚያ ያ ጠርዝ ከሥሩ እርጥበት እየሳበ ለአየር ይሰጠዋል።