ትንሽ ቤት ከፎቶ ላይ መቅዳት፦ አዳማ ላይ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ስልክ ላይ የምናያቸው ትንንሽ ቤቶች ያምራሉ። ግቢው ውስጥ አንድ ሠርቶ ሊያከራይ፣ ወይም ራሱ ሊገባበት የሚያስብም አለ። ግን እያንዳንዱ ዲዛይን የተፈጠረው የሆነን ችግር ለመፍታት ነው። ያ ችግር እኛ ጋ ከሌለ የሚተርፈን ወጪው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የማይንቀሳቀስን ቤት እንደ ባለ ጎማ ቤት ማጥበብ ነው። እነዚያ ቀጫጭን ቤቶች አሜሪካ ውስጥ በተሳቢ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ያለ ልዩ ፈቃድ መንገድ ላይ ለመጓዝ ስፋታቸው በአብዛኛው ከ2.6 ሜትር ማለፍ የለበትም። ጥበቱን ያመጣው የመንገድ ሕግ ነው። የእርስዎ ቤት ከግቢው ንቅንቅ ካላለ ለምን ይጨናነቃሉ? 2.6 በ7 ከመሥራት 4 በ4.5 ይሥሩ። ሁለቱም 18 ካሬ ገደማ ናቸው። ሁለተኛው ግን ዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ስለሚያንስ ግድግዳው ይቀንሳል፤ አልጋ ገብቶም በጎኑ ማለፊያ ይኖራል።

ቆጥ ላይ መተኛትም ፎቶ ላይ ደስ ይላል። ሙቅ አየር ግን ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ሚያዝያ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የጋለ ቆርቆሮ ስር፣ አዳማ ውስጥ? ቆጡን ለሻንጣና ለብርድ ልብስ ይተዉት። ደግሞስ እናትዎ ሊጠይቁዎት ሲመጡ መሰላል ሊወጡ ነው?

ጣሪያው እስከ መሬት የሚወርደው ባለ ሦስት ማዕዘን ቤትም እንደዚሁ ነው። በረዶ ለሚከመርበት አገር እሰየው፤ እዚህ ግን ቁም ሳጥን የሚያስጠጉበት ቀጥ ያለ ግድግዳ ያሳጣል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ኮንቴይነር ላይ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ጎረቤታችን ስለሆነ ኮንቴይነር ብርቃችን አይደለም። «ግድግዳና ጣሪያ አለው፣ ምን ቀረው?» ይባላል። ብዙ ነገር ይቀረዋል። የተለመደው ኮንቴይነር የውስጥ ስፋቱ 2.35 ሜትር፣ ቁመቱ 2.39 ሜትር ገደማ ነው። ብረቱ ሙቀት ስለሚያስገባ መከላከያ ያስፈልገዋል፤ መከላከያውና ኮርኒሱ ከዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ ይቀንሳሉ። ለትልቅ መስኮት ጎኑን ሲቆርጡት ደግሞ ጥንካሬው ይጎዳል፤ ዙሪያውን በብረት ፍሬም መበየድ አለበት። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከብሎኬት ቤት ጋር ይወዳደር። በተለይ ከፑሚስ፣ ማለትም ቀዳዳ ከበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ብሎኬት ቀዳዳዎቹ አየር ስለሚይዙ ሙቀቱን ያዘገያል። እኔን ከጠየቁኝ፣ አዳማ ላይ ብሎኬቱን እመርጣለሁ።

ኮንቴይነሩን የግድ ካሉ፣ ከላዩ አየር የሚያልፍበት ሁለተኛ ጣሪያ ያድርጉለት። ግን ጠበቅ ይበል! የአዳማ ነፋስ በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. ለተመረቁት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሲሳይ ነው። ለላላ ቆርቆሮ ግን አይመለስም። ከግድግዳው አልፎ የሚወጣ ረጅም የጣሪያ ክፈፍ ከሥር በነፋስ ስለሚገፋ ምስማር ብቻ አይበቃውም፤ ከግድግዳው ጋር በብረት ይታሰር።

ትልቁን መስኮት «እይታ አለው» ብለው ወደ ምዕራብ አያዙሩት። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ክፈፍ አያግዳትም። ሰሜንና ደቡብ ላይ ትይዩ መስኮቶች ቢደረጉ ጥላም ይገኛል፣ አየርም ይዘዋወራል።

አንድ ነገር ግን ከየትኛውም የውጭ ፎቶ ላይ አያገኙም፦ የምጣድ ቦታ። ሁለት ምድጃ ያላት ውብ ኪችን ወደ 60 ሴንቲሜትር የሚሰፋውን ምጣድ የት ልታስቀምጠው ነው? እንፋሎቱስ? በረንዳው ላይ ጣሪያ ያለው ጥግ ይተዉለት፤ የራሱን የኤሌክትሪክ መስመርም ያዘርጉለት። የውሃ ሮቶውንም ጣሪያው ላይ አይጫኑት። የሺህ ሊትሩ ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ነው። ጎን ላይ የራሱ መቆሚያ ይሠራለት።

«ትንሽ ናት፣ ፈቃድ አያስፈልጋትም» የሚልዎትን ሰው አይስሙ። ብሎኬት ከመግዛትዎ በፊት ካርታዎን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ጎራ ይበሉና ይጠይቁ።