ለጀማሪ ነጋዴ ገንዘብ ስትሰጡ

ደብረ ብርሃን ላይ ገብስና ባቄላ ስነግድ 27 ዓመቴ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሥራ ለሚጀምሩ ልጆች መነሻ ገንዘብ እሰጣለሁ። ብዙ ሰው «እትዬ፣ ልጆቹን ላግዝ እልና ገንዘቤ ይበላብኛል ብዬ እፈራለሁ» ይለኛል። እኔ እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡን ለዩ። ጥር ላይ ሒሳቤን ዘግቼ ከትርፉ ከአሥር አንዱን ለጀማሪዎች አስቀምጣለሁ። የእህል መግዣው አይነካም፣ የዕቁቡም አይነካም። የተለየው ካለቀ የቱንም ያህል ጥሩ ሐሳብ ቢመጣ «ለከርሞ ና» እላለሁ። ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። የወንድሜ ልጅ ድንች ልነግድ ሲለኝ ከእህል መግዣዬ 80,000 ብር አንስቼ በአንድ ቀን ሰጠሁት። የሥጋ ዘመዴ ነው፣ ምን ውል ያስፈልጋል አልኩ። ድንቹ መጋዘን ውስጥ በሰበሰ። እኔም ገብስ በሚሸመትበት ወር እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ከገንዘቡ በላይ አንጀቴን የበላኝ ግን ልጁ አፍሮ ሁለት ዓመት ቤቴን አለመርገጡ ነው።

አሁን ሐሳብ ይዞ የሚመጣን ሰው በቅድሚያ ትንሽ ሥራ አሠራዋለሁ። ካቻምና አንዲት ልጅ በሶ አሽጌ አዲስ አበባ ልሽጥ ብላ መጣች። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በጾም ወራት ፈላጊው ብዙ ነው። ወረቀቷ ላይ ግን ከአንድ ኩንታል ገብስ አንድ ኩንታል በሶ ይወጣል ብላ አስልታለች። ስህተቱ ወዲያው ታየኝ፤ አልነገርኳትም። አንድ ኩንታል ገብስ ሰጥቼ «ፈትገሽ፣ ቆልተሽ፣ አስፈጭተሽ፣ መዝነሽ አምጪው» አልኳት። በሳምንቱ 72 ኪሎ ይዛ መጣች። ገለባውና እርጥበቱ ሄዷል። ማገዶውንና የወፍጮውን ጨምራ ዋጋውን እንደገና አውጥታለች። ማንም ሳይጠይቃት «በፊተኛው ሒሳብ ብጀምር እከስር ነበር» አለችኝ። ልሰጣት የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ጀማሪ መሳሳቱ አይቀርም። እኔ የማየው ክፉውን ወሬ ራሱ ይዞ መምጣቱን ነው።

ሁሉንም በአንዴ አትስጡ። ለእሷ ካሰብኩት 60,000 ብር መጀመሪያ የሰጠኋት 15,000 ነው። ቀጣዩን የምለቀው ደብተሯን አይቼ ነው፦ ምን ገዛች፣ ለማን ሸጠች፣ ማን በዱቤ ወሰደ። ትርፉን በመጀመሪያዎቹ ወራት አልጠይቅም። ዱቤውን ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ስንት ጥሩ ሥራ በዱቤ ሲሞት አይቻለሁ።

መክፈያውን ከገበያው ጋር አስማሙ። በግ የሚያደልብ ልጅ ጥር ላይ ገዝቶ ለፋሲካ ነው የሚሸጠው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በጉን ማን ይገዛዋል? በየወሩ ክፈል ካላችሁት ከመኖው ይቀንሳል፣ ፉርሽካውን ይተዋል፣ በጎቹም ከስተው ገበያ ይወጣሉ። የጎዳችሁት የራሳችሁን ገንዘብ ጭምር ነው።

ውል ጻፉ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ብድር ይሁን ሽርክና በግልጽ ይጻፍ። ኪሳራ ቢመጣ ማን ምን ያህል እንደሚሸከምም ይጻፍ። ለዘመድማ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለት ጊዜ ደብተሩን ባዶ ያመጣልኝን ሦስተኛ አልሰጠውም። ይህን ስናገር ሆዴ ይባባል፣ ግን እናገራለሁ። አደጋ የደረሰበት ሌላ ነው። ዓምና ከመንዝ የመጣ ልጅ አምስት በጎች በሳንባ በሽታ ሞቱበት። ደብተሩን ስገልጥ የሞቱበት ቀን፣ ለእንስሳት ሐኪም የከፈለው፣ የተረፉትን የሸጠበት ዋጋ ሁሉ ተጽፏል። ደግሜ ሰጠሁት። የበፊቱን ግማሽ ነው፤ በጎቹን በገዛ በመጀመሪያው ሳምንት ሊያስከትብም ውሉ ላይ ጻፍን።