የራውተር ፑንታ እየቆረጠ ሲንሸራተት እንዴት ይስተካከላል?

በራውተር፣ ማለትም እንጨት ላይ ቦይ በሚያወጣው ማሽን፣ ቦዩን 6 ሚሊ ጥልቀት ብላችሁ ጀምራችሁ የጣውላው ጫፍ ላይ ስትደርሱ 9 ሚሊ ሆኖ ካገኛችሁት ፑንታው (መቁረጫው ብረት) ከኮሌቱ (ማሽኑ ላይ ፑንታውን ከሚጨብጠው ብረት) እየተንሸራተተ ወጥቷል ማለት ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋር የሚያደርገው የኮሌቱን ዳዶ ይበልጥ ማጥበቅ ነው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ነበር የማደርገው፣ ግን ብዙ ጊዜ ፑንታው የሚወጣው ዳዶው ጥብቅ ብሎ እያለ ነው።

ይሄን የተማርኩት በዋንዛ በር ነው። እዚሁ ጅማ አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ ቤታቸውን ሲያድሱ የሳሎኑን በር እንድሰራላቸው ሰጡኝ፣ ጣውላው የራሳቸው ነው፣ ባለቤታቸው በህይወት እያሉ ያስቆረጡት፣ ስንት ዓመት በጥላ የደረቀ። አራተኛው ፓነል ላይ ፑንታው ቀስ እያለ ወርዶ 12 ሚሊውን እንጨት በስቶት በሌላ በኩል ወጣ። ድምፁ ወፈር ማለቱን ሰምቼዋለሁ፣ ግን ትንሽ ነው የቀረኝ ልጨርሰው ብዬ አላቆምኩም። እሳቸው "ልጄ፣ አንተን ካልነካህ ይበቃኛል" አሉኝ፣ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ድምፁ ከተቀየረ ወዲያው አቁሙ፣ እጀታው ከተንቀጠቀጠ ወይም ሰጋቱራው ድንገት ከበዛም እንደዛው።

ስትፈትሹ መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ በተለይ ስራ ላይ እያላችሁ መብራት ሄዶ ከሆነ ማብሪያው እንደበራ ይረሳና ጣታችሁ ፑንታው ላይ እያለ መብራት ሊመጣ ይችላል።

ፑንታውን አውጡና እግሩን፣ ኮሌቱ ውስጥ የሚገባውን ዘንግ፣ ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት። ዙሪያውን የጠቆረ ወይም ቡናማ ቀለበት ካለው ኮሌቱ ውስጥ እየዞረ ነበር ማለት ነው። በጥፍራችሁም ዳብሱት። ቀለም ብቻ ከሆነ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አጽዱት፣ ብዙ አትፈግፍጉ፣ ከቀጠነ ጭራሽ አይያዝም። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ግን ያ ፑንታ አብቅቶለታል፣ ሌላ ኮሌት ውስጥ ብትከቱት ያንንም ያበላሸዋል።

ቀጥሎ ልኩ። ገበያ ላይ 6 ሚሊም ሩብ ኢንችም ፑንታ ተደባልቆ ነው የሚሸጠው፣ ሻጩም ሁለቱንም "ባለ 6" ብሎ ይሰጣችኋል፣ ሩብ ኢንች ግን 6.35 ሚሊ ነው። ትልቁም ላይ ያው ነው፣ ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ እንጂ 12 አይደለም። 6 ሚሊ ፑንታ በሩብ ኢንች ኮሌት ውስጥ ይገባል፣ ዳዶውም ይጠብቃል፣ ግን ኮሌቱ እግሩን ሙሉ በሙሉ አይጨብጠውም፣ ትንሽ ከተሰራበት በኋላ ይወጣል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ ያልተበላ 6 ቁጥር ቁልፍ ውሰዱ፣ 6 ሚሊው እግር በአፉ ያልፋል፣ ሩብ ኢንቹ አያልፍም። እኔ ግን ካሊፐር ግዙ ነው የምለው፣ ርካሹም ቢሆን ይሰራል። እግሩ ላይ ወረቀት፣ ፎይል ወይም ፕላስተር ጠቅልሎ ማወፈርን እንዳታስቡት። ትንንሾቹ ራውተሮች በደቂቃ እስከ 30,000 ጊዜ የሚዞሩ ናቸው፣ በዛ ፍጥነት የተፈናጠረ ፑንታ ሰው ያጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ አገባቡ። የእኔን በር ያበላሸው ይሄ ነው። በደንብ ይያዝ ብዬ ፑንታውን ውስጥ ድረስ እስኪነካ ገፋሁት፣ ጠለቅ ሲል የሚጠብቅ ነበር የሚመስለኝ። ግን ኮሌት እንዴት እንደሚይዝ አስቡት። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ሾጣጣ ብረት ነው፣ ዳዶውን ስታጠብቁ ወደ ማሽኑ ሾጣጣ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እየገባ ሲሄድ ይጠብና ፑንታውን ይጨብጣል። ሲገባ ፑንታውንም ትንሽ ይዞት መግባት ይፈልጋል። ፑንታው ታች ብረት ነክቶ ከቆመ ግን የሚሄድበት ቦታ የለም፣ እጃችሁ ላይ ጥብቅ ያለ ይመስላችኋል እንጂ ኮሌቱ እግሩን ገና በቅጡ አልያዘውም። ከዛ ማሽኑ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ይለቃል።

ስለዚህ እስኪነካ አስገቡና ከ2 እስከ 3 ሚሊ ወደ ውጪ መልሱት። አንዳንዴ ፑንታው በራሱ ተንሸራቶ ተመልሶ ይወርዳል፣ ዳዶው በእጅ ጠበቅ እስኪል በሁለት ጣት ያዙት። ብዙ ማውጣትም ሌላ ችግር ነው፣ ቢያንስ ሶስት አራተኛው የኮሌቱ ርዝመት እግር መያዝ አለበት፣ ለ6 ሚሊ ፑንታ 20 ሚሊ ገደማ ይግባ እላለሁ። ጥልቀት ጎደለኝ ብላችሁ ፑንታውን እየጎተታችሁ አታርዝሙ፣ ረጅም ፑንታ ግዙ። ሌላው፣ እግሩና ጥርሱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወፈር የሚል ጉብታ አለ፣ እሱ ኮሌቱ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ከገባ አፉ ላይ ብቻ ይይዝና ሌላው ባዶ ይቀራል።

ኮሌቱን ማጽዳት ደግሞ የማንም ሰው ትዝ የማይለው ነገር ነው። የጥድ ሙጫ ከሰጋቱራ ጋር ተጋግሮ ስንጥቆቹን ይደፍናቸዋል፣ ከተደፈኑ ኮሌቱ መጥበብ አይችልም። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ፑንታውን ማሽኑ ላይ እንደታሰረ ካሳደራችሁት ዝገትም ይጨመርበታል፣ እኔ ሁልጊዜ ማታ ማታ አወጣዋለሁ። ኮሌቱን ፍቱትና በነሐስ ብሩሽ፣ ካልተገኘ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና ትንሽ ነጭ ጋዝ ውስጡንም ውጪውንም እሹት፣ የማሽኑንም ቀዳዳ ጥረጉ፣ ከዛ በደንብ ይድረቅ። ዘይትና ግሪስ ውስጡ አይግባ። አንዳንድ ማሽን ላይ ዳዶው ከላላ በኋላ እንደገና ይከብዳል፣ ተጣብቆ ነው ብላችሁ በመዶሻ አትምቱት፣ ኮሌቱን የሚያስለቅቀው ያ ሁለተኛው መፍታት ነው።

ማጥበቁ ቀላል ነው፣ በማሽኑ ቁልፍ ጠንከር አድርጋችሁ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማርዘም ጥርሱን ይበላዋል፣ ፒንሳም ለዚህ ስራ አይሆንም። ባዶ ኮሌት ላይ ዳዶውን በፍጹም አታጥብቁ፣ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ይጨመደድና ቅርጹ ይበላሻል፣ ስንት ወጣት ይሄን ሲያደርግ አይቻለሁ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ከወጣ አቆራረጣችሁን እዩ። 10 ሚሊ ጥልቀት በአንዴ አይቆረጥም፣ 3 ሚሊ 3 ሚሊ እያላችሁ ውረዱ። የደነዘዘ ፑንታ እንጨቱን ያቃጥለዋል፣ ሙቀቱም ሆነ ግፊቱ ኮሌቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ጠመዝማዛው፣ ፍርፋሪውን ወደ ላይ የሚያወጣው ፑንታ ደግሞ በባህሪው ራሱን ወደ እንጨቱ ይስባል፣ እሱ ላይ ኮሌቱ እንከን ካለው ወዲያው ይታወቃል።

በመጨረሻ ቁርጥራጭ ጣውላ ላይ ሞክሩ። በማርከር ከፑንታው እግር እስከ ዳዶው ድረስ አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ፣ ከኮሌቱ የወጣውን ርዝመትም ለክታችሁ ጻፉት። አንድ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ ስፒናውን ንቀሉና እዩ። መስመሩ እንደተያያዘ ከሆነና ርዝመቱ ካልተቀየረ ወደ ዋናው እንጨት ሂዱ። መስመሩ ከተላቀቀ ልኩ ትክክል በሆነ አዲስ ፑንታ ድገሙት፣ አሁንም ከተላቀቀ ኮሌቱ አልቋል፣ መቀየር ነው። ኮሌት የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ሰው ግን ፑንታ እየቀያየረ ኮሌቱን ማሽኑ እስኪሞት ይጠቀምበታል። እዚህ ካጣችሁት ከአዲስ አበባ አስልኩ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶብስ ይደርሳል። የማሽኑን ሞዴል ቁጥር፣ የአሮጌውን ኮሌት ፎቶና ልኩን አብራችሁ ላኩ፣ እኔ "ባለ 6" ብዬ ብቻ አዝዤ ሩብ ኢንች መጥቶልኛል።