ስቴንት ሊገባልዎ ነው? ከጎንደር ሲነሱና ሲመለሱ ማድረግ ያለብዎ

ሐኪሙ «የልብዎ ደም ስር ጠቧል፤ አዲስ አበባ ሄደው ይከፈትልዎ» ካለዎ አይደንግጡ። ደረት አይቀደድም። ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ይገባል። ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ ተነፍታ የጠበበውን ትከፍታለች። ብዙ ጊዜ ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብ እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይያዙ። የባህል መድኃኒትም ካለ አይደብቁ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ወይም የስኳሩን ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ ኩላሊትዎን የሚያምዎ ወይም አለርጂ ያለብዎ ከሆነ ቀድመው ይናገሩ። ለምርመራው የሚሰጠው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። አስፕሪንን ግን በራስዎ አያቁሙ።

ከዚያ በተነገርዎ ሰዓት ምግብ ያቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ለ6 ሰዓት ያህል ነው። ሲሠራልዎ ነቅተው ነው የሚቆዩት። ቀለሙ ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፤ ፊኛዋ ስትነፋ ደረት ጫን ሊል ይችላል። ካመመዎ ዝም አይበሉ፣ ይናገሩ።

ሲያልቅ፣ በብሽሽት ከሆነ እግርዎን ዘርግተው ለሰዓታት ይተኛሉ። ካልተከለከሉ ውሃ ይጠጡ። ቦታው ከደማ ጋደም ብለው ለ10 ደቂቃ አጥብቀው ያስጫኑት፤ ካልቆመ ቶሎ ሆስፒታል ይሂዱ። ወደ ጎንደር መቼ መብረር እንደሚችሉም ሐኪሙን ይጠይቁ።

ቤት ሲገቡ ጠያቂ ይጎርፋል። ለእያንዳንዱ ብድግ አይበሉ፤ ማንም አይቀየምም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አይንኩት። የጎንደርን ዳገት ለጊዜው በባጃጅ ይውጡት። ሜዳ ላይ ግን ቀስ እያሉ ይራመዱ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምለምንዎ ነገር። አጎቴ ስቴንት ገብቶለት የደረት ሕመሙ ሲለቀው «ድኛለሁ» ብሎ ጠበል ገባ፤ የታዘዘለትን ክሎፒዶግሬል የተባለ መድኃኒትም ተወ። በሦስተኛው ሳምንት ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። አዲሱ ስቴንት ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ክሎፒዶግሬልና አስፕሪን የሚታዘዙት ይህን ለመከላከል ነው። ሁለቱ አብረው ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወሰዳሉ። ጠበሉን ይጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ። ለጾም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ጥርስ ሊነቅሉ ቢሆን እንኳ የልብ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አያቋርጡት።

የደረት ሕመሙ ከተመለሰና አልለቅ ካለ «ይነጋ» አይበሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መድኃኒቱንም 2 ሳምንት ሲቀረው ይግዙ፤ አንዱ ፋርማሲ ቢያጣ ሌላው ጋ ለመፈለግ ጊዜ ይኖርዎታል።