«ግድ የላቸውም» አትበሉ፦ በሰሜን ካናዳ የጥርስ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በሰሜን ካናዳ ወዳሉት የነባር ሕዝቦች፣ ማለትም የኢኑዊትና የፈርስት ኔሽን መንደሮች ለጥርስ ሥራ መመላለስ ከጀመርኩ ቆየሁ። አሁን አሁን አዳዲስ ባለሙያዎች ይዤ እሄዳለሁ። ከነሱ መካከል የኛም አገር ልጆች አሉ። ጎበዞች ናቸው፣ እጃቸው ጥሩ ነው። ችግሩ ንግግራቸው ላይ ነው። ባለፈው ጉዞ ያችኑ ቃል እንደገና ስሰማ መጻፍ አለብኝ አልኩ።

ቃሏ ስለ መንደሮቹ ሰዎች የምትባለው «ለጥርሳቸው ግድ የላቸውም» ናት።

የ3 ዓመት ልጅ ይመጣል። የፊት ጥርሶቹ እስከ ድዱ ተበልተዋል። እናቱ ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች። በቃ፣ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል። እባካችሁ ቆም በሉ። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1952 የመንግሥት ተመራማሪዎች በስድስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ከወላጆቻቸው ተነጥለው በተወሰዱ የነባር ሕዝቦች ልጆች ላይ የአመጋገብ ሙከራ አድርገዋል። የድዳቸው ሁኔታ አንዱ መለኪያ ነበር። ስለዚህ ውጤቱ እንዳይዛባ ተብሎ አንዳንድ የጥርስ ሕክምና ተከለከሉ። እያመማቸው ማለት ነው! ይህን የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ሞስቢ በ2013 አደባባይ አወጣው። የመጨረሻዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። እዚያ ያደጉት ሰዎች ዛሬ እናቶችና አያቶች ናቸው። ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ «አፍሽን ክፈቺ» ስትሏቸው ምን ትዝ እንደሚላቸው አስቡ።

ሌላም አለ። ሐኪሙ በአውሮፕላን መጥቶ ጥቂት ቀን ሠርቶ ይሄዳል። ሰልፉ ረጅም ነው። መሙላት ጊዜ ይወስዳል፣ መንቀል ይፈጥናል። ስለዚህ «የጥርስ ሐኪም ነቃይ ነው» የሚል ሰው ያየውን ነው የሚናገረው።

እኔም አጥፍቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲትን አያት «ልጁን እስካሁን ለምን አላመጡትም?» አልኳቸው። አስተርጓሚዋ ዝም አለች፣ አልተረጎመችውም። በኋላ ውጭ ጠርታ ነገረችኝ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አምጥተውት ነበር። አንዴ በአየር ጠባይ ምክንያት አውሮፕላኑ ቀረ። አንዴ ደግሞ ተራቸው ሳይደርስ የሐኪሙ ቀን አለቀ። ማታ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሻይ ሰጡኝ። እናታቸው የጫማ ቆዳ በጥርሳቸው እያኘኩ ያለሰልሱ እንደነበር አጫወቱኝ። ጥርስ እንደ መርፌና እንደ ቢላዋ የሥራ ዕቃ ነበር። በዚያ ዘመን የኢኑዊት ጥርስ በሥራ ብዛት ያልቃል እንጂ እምብዛም አይቦረቦርም ነበር። መቦርቦሩ የመጣው ከስኳርና ከዱቄት ጋር ነው። ለጥርስ ግድ የሌለው ሕዝብ የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው?

«ለስላሳ ትታችሁ ውሃ ጠጡ» ብሎ ማለፍም ስህተት ነው። መጀመሪያ ውሃው ይጠጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኦንታሪዮ ውስጥ ኔስካንታጋ የሚባል የፈርስት ኔሽን መንደር አለ። ውሃውን ሳታፈሉ አትጠጡ ከተባለ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ነው። እዚያ ተወልዶ ሰላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሰው ከቧንቧ ቀድቶ ጠጥቶ አያውቅም። እንዲህ ላለ ሰው ምክራችሁ ስድብ ነው የሚሆነው።

ዝምታን «አያምም» ብላችሁ አትተርጉሙ። ብዙ ኢኑዊቶች «አዎ» ለማለት ቅንድባቸውን ያነሳሉ፣ «አይ» ለማለት አፍንጫቸውን ይሸበሽባሉ። አንድ ጊዜ አዲስ ባልደረባዬ ልጁን «ያምሃል?» አለው። ልጁ ቅንድቡን አነሳ። ባልደረባዬ መልስ የለም ብሎ መሰርሰሩን ሊቀጥል ሲል አስተርጓሚዋ እጁን ያዘችው። ልጁ እኮ ነግሮታል። ዓይናችሁ ጥርሱ ላይ ብቻ አይሁን፣ ፊቱንም እዩ።

ለስድስት ሰው ቤተሰብ አንድ ብሩሽ ሰጥታችሁ አትሂዱ።

እናትየውን ብቻ ማስተማርም አይበቃም። ልጁን አያቱ ወይም አክስቱ ልታሳድገው ትችላለች። በኢኑዊት ባህል ልጅን ለዘመድ መስጠት የተለመደ ነው። ማታ ጭማቂ ያለበትን ጡጦ አልጋው ውስጥ የምታስገባለት ማን ናት? ነገሩን ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። የእሷንም ጥርስ እዩ፣ ጥርስ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ከአሳዳጊ አፍ ወደ ልጅ ይተላለፋልና።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ደግሞ አዝናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የካናዳ የጤና መረጃ ተቋም ባወጣው ሪፖርት፣ የነባር ሕዝቦች ቁጥር በሚበዛባቸው አካባቢዎች ያሉ ትንንሽ ልጆች በሙሉ ማደንዘዣ የጥርስ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ከሌሎቹ ከ8 እጥፍ በላይ ነው። ከሩቅ መንደር የሚመጣ ልጅ ለዚህ ሲባል ከቤቱ ርቆ በአውሮፕላን ይሄዳል። ሲመለስ ያው ጡጦ ይጠብቀዋል።

ይህን ሊያስቀር የሚችለው ፍሎራይድ ቫርኒሽ፣ ጥርስን የሚያጠነክር ቅባት ነው፣ ጥርስ ላይ ለመቀባት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። የመንደሩ ሰው ሠልጥኖ ሊቀባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የካናዳ መንግሥት የሕፃናት የአፍ ጤና ፕሮግራም የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፣ በየመንደሩ የአካባቢው ተወላጅ ረዳቶች አሉት። እኔ የምመላለስበት መንደር ያለችው ረዳት የማትገባበት ቤት የለም። እሷ ፈቃድ የወጣች ሳምንት ክሊኒካችን ባዶ ይውላል። ታዲያ አዲስ ባለሙያ ሲመጣ ዕቃ አቀባይ ያደርጋታል!

ባለፈው ስንመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘችን። በእጇ የጻፈችውን ወረቀት አሳየችኝ፣ ጥርሳቸው ላይ የታየው ነጭ ምልክት፣ ማለትም የመቦርቦር መጀመሪያው፣ መባሱን ያቆመ የሦስት ልጆች ስም ነው። ከሥሩ ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞ መጀመሪያ መታየት ያለባቸውን ልጆች ጽፋለች። ስትደርሱ ሻንጣችሁን ሳትፈቱ ያንን ወረቀት ጠይቋት።