የሳይንስ ሳምንት አዘጋጅተን ሰፈሩ ለምን ይቀራል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የሳይንስ ሳምንት ሲዘጋጅ በበጎ ፈቃድ አግዤ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ማይክሮስኮፑ ተደርድሯል፣ ባነሩ ተሰቅሏል። የመጣው ሰው ግን በአብዛኛው እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ነው። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የቢሮ ሰዎች። ከድንኳኑ ጥቂት ራቅ ብላ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ቀኑን ሙሉ ቀና እያለች ስታየን ዋለች። አልገባችም። እኛም "ግቢ" አላልናትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከተማ አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም ለምታስቡ መምህራን፣ የወጣት ክበቦችና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ሁሉንም ጨርሶ ሕዝቡን መጥራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ ከዚህ ይወለዳሉ። ኮሚቴው ወራት ይሰበሰባል፣ ርዕስ ይመርጣል፣ ተናጋሪ ይመርጣል፣ ቲሸርት ያሳትማል። በመጨረሻው ሳምንት ላይ "በሉ ማኅበረሰቡን እናሳትፍ" ይባላል። አንድ የእድር ዳኛ እንዲህ ሲገጥማቸው "ወጡን ሠርታችሁ ጨርሳችሁ ጨው ቅመሱልን ነው የምትሉን?" አሉን። እውነታቸውን ነው።

ርዕስ ሳይመረጥ በፊት ሦስት አራት ሰፈር ሂዱ። ቁጭ በሉና ምን እንደሚቸግራቸው፣ ምን እንደሚገርማቸው ጠይቁ። እኛ ስለ ሮቦት ልናወራ ተዘጋጅተን ስንሄድ የተጠየቅነው ሌላ ነበር። የጉድጓዳችን ውሃ ይጠጣል? ድንቹ ጎተራ ሳይቆይ ለምን ይበሰብሳል? ባሕር ዛፍ እውነት ውሃ ይጨርሳል? ባሕር ዳር ቢሆን እምቦጭ አንደኛ ይመጣ ነበር። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የት እንደተስፋፋ፣ ነፋሱ ወደየት እንደገፋው፣ መረብ የት እንደማይጣል አስጋሪው በየቀኑ በጀልባው እየሄደ ያየዋል። እሱን ያላማከረ የእምቦጭ ገለጻ ግማሹ ባዶ ነው።

ሮቦቱ ይቅር አላልኩም። ልጆች ይወዱታል። ግን ሁለተኛ ይምጣ።

ለቀበሌ ደብዳቤ ጽፎ "ሕዝቡ ተነግሮታል" ማለት

ቀበሌው ይወቀው፤ ፈቃዱም ከእሱ ነው። ነገር ግን ሰው የቀበሌ ጥሪ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው መዋጮ ነው፤ አለዚያ ስብሰባ ነው። በሙሉ ልብ የሚሰማው ሌላ ቦታ ነው። እድር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ እቁብ አለ፣ የመስጊዱ ጀመዓ አለ። ሴቶችን ማግኘት ከፈለጋችሁ ደግሞ ቡና ላይ ነው። የሰፈሩ ልጅ፣ ሽማግሌውን "አያ"፣ እናቲቱን "እትዬ" ብሎ የሚጠራ ልጅ ሄዶ ቢናገር ማኅተም ካለው ወረቀት ይበልጣል።

ቀኑን ከቢሮ ካላንደር ላይ መምረጥ

የእርሻና የአጨዳ ወቅት አለ፣ የጥር ሰርግ አለ፣ የገበያ ቀን አለ። ከወሩ ደግሞ 12 ሚካኤል ነው፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። እነዚህ ቀናት ለሥራ አይሆኑም። ከቅዳሴ በኋላ ለሚደረግ ጨዋታ ግን ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው እንደሚሻል የአጥቢያውን ሰው ሳትጠይቁ አትወስኑ። የስኮትላንዷ ኤድንብራ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳይንስ ፌስቲቫሏን የምታዘጋጀው በፋሲካ ሰሞን፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሲሆን ነው። እነሱ የራሳቸውን ቀን አይተው ነው የመረጡት፤ እኛም የራሳችንን እንይ።

ሰዓቱንም በሀገር ሰዓት ጻፉ። "2:00" ተብሎ ተለጥፎ ገሚሱ በጠዋት፣ ገሚሱ ከሰዓት በኋላ የመጣበትን ቀን አውቃለሁ። ምሽትን ተዉት፤ ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ዓርብ ቀን የወተት ብስኩት አታቅርቡ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የሚጾመው እንግዳ ሳህኑን ሲመልስ እንዳላሰባችሁለት ያውቃል።

"ሕዝቡ ሳይንስ አያውቅም" ብሎ መጀመር

እዚህ ላይ ልቆይ፤ በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ጎጃም እነ ዲማን፣ እነ ዋሸራን፣ እነ ጎንጅን ያፈራ የቅኔ ሀገር ነው። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ የሚያውቅ መሪጌታ ፈልጎ ማግኘት አይቸግርም። እስቲ የ2018 ዓ.ም. ስሌትን እንይ። 5500 ሲደመር 2018፣ ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱ ለዘመን ይቀነሳል፤ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

ከጀርባው ያለው ሰማይ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በጣም ይቀራረባል። መሪጌታውንና አንድ የሒሳብ መምህር ጎን ለጎን አቁሟቸው። መሪጌታው ይቁጠሩ፤ መምህሩ ያንኑ በሰሌዳ ላይ በቀሪ ስሌት ይጻፍ። ክፍል ውስጥ "ቀሪ" ሲባል የሚሰለቸው ልጅ፣ ፋሲካ የሚወጣው በዚሁ መሆኑን ሲያይ ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ። አያቱም አብረው ይሰማሉ፤ ጉዳዩ የሳቸውም ነውና።

ጓዳውም እንዲሁ ነው። አረቄ የምታወጣ እናት በእንፋሎት ማጣራትን ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች። እንፋሎቱ ከውሃ ቀድሞ የአልኮሉን ኃይል ይዞ እንደሚወጣ፣ መቀበያው በቀዝቃዛ ውሃ ካልተነከረ ነገሩ እንደሚባክን፣ ፊተኛውና ኋለኛው እኩል እንደማይበረታ ከእጇ ጋር የኖረ ዕውቀት ነው። እርሾና አብሲትም ራሱን የቻለ የረቂቅ ሕዋሳት ትምህርት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ውሃችን በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። "ባቄላው እዚህ ለመብሰል ለምን ይዘገያል?" የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። ይህን ለመናገር አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ድስት ይበቃል።

ቃላችሁንም አቅልሉ። ገበሬ ፊት "ቨርቲሶል" ከማለት "መረሬ" ማለት ይሻላል። የምታወሩት ስለ አንድ አፈር ነው።

አዳራሽ ውስጥ መዝጋት

አዳራሽ የለበሰ ሰው ቦታ ይመስላል። መናኸሪያ፣ ገበያ ዳር፣ የኳስ ሜዳ፣ የእድሩ ድንኳን ይሻላል። ፕሮጀክተር ያለ መብራት ምንም ነው፤ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

ልጆችን ለጭብጨባ ማሰለፍ

ወንበር እንዲሞላ ብቻ ከትምህርት ቤት በሰልፍ የመጣ ልጅ ደክሞት ይመለሳል። ለሃያ ልጅ አንድ አጉሊ መነጽር ከሰጣችሁ ሁለቱ ያያሉ፣ ሌላው ይገፋፋል። ቁጥሩን ቀንሱና እያንዳንዱ በእጁ ይንካ።

አበልን ሸፋፍኖ ማለፍ

ስለ ገንዘብ ማንም በግልጽ አያወራም፤ ቂም የሚፈጠረው እዚያ ነው። ባለሙያው አበል ይፈርማል። ግማሽ ቀን ቆመው ያስረዱት መሪጌታ፣ ጋኗን ተሸክማ የመጣችው እናት ደግሞ "እግዜር ይስጥልን" ተብለው ይሸኛሉ። በእኔ እምነት ይህ ነውር ነው። ወይ ሁሉም በነፃ ያገልግል፣ ወይ የቀን ገቢውን ትቶ የመጣ ሰው ይከፈለው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ይነገር። የሌላችሁን ቃል አትግቡ። በዚህ ምክንያት አንድ ሰፈር ካኮረፈ በሚቀጥለው ዓመት በሩን አይከፍትላችሁም።

መረጃ ወስዶ መጥፋት

ሕዝቡ ራሱ እንዲለካ ማድረግ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ለዚህ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንገሽታ ላይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃን ጥልቀት በየጊዜው ይለኩ ነበር። ሲመረመር፣ ነዋሪዎቹ የመዘገቡት ዝናብ ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር የሚነጻጸር፣ ከሳተላይት ግምት ደግሞ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ከተማ ውስጥም ይቻላል። ጎኑ ቀጥ ያለ የድልህ ጣሳ፣ ማስመሪያና ደብተር ብቻ። ጣሳውን ከዛፍና ከጣሪያ ጠርዝ አርቁ፤ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለክታችሁ ጻፉና ውሃውን ድፉ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 800 ሊትር ይወርዳል። ይህን ያሰላ ሰው በርሜል የት እንደሚያስቀምጥ ማሰቡ አይቀርም።

አፈርም እንዲሁ ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የአፈር አሲዳማነት ትልቅ ችግር ነው። የአሲዳማነቱ መለኪያ ፒኤች (ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፤ ኖራ የሚበተነውም ለዚህ ነው። ከከተማ ዳር አርሶ አደሮች አፈር አምጡ ስትሉ ሰው ይመጣል። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አፈሩ በፌስታል ይወሰዳል፣ ስም ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ባለ አፈሩ ግን የራሱ ማሳ ፒኤች ስንት እንደሆነ አይነገረውም። አንድ አባት "አፈሬን ወሰዳችሁ፤ ወሬውን እንኳ አልመለሳችሁልኝም" ብለው ሲናገሩ ሰምቼ የምገባበት ጠፋኝ።

ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት መመለሻውን ቀን ተናገሩ። ውጤቱን በአማርኛ፣ በትልቁ ጽፋችሁ ሰው በሚያልፍበት ሱቅ በር ላይ ለጥፉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ቤቱ ሄዳችሁ ንገሩት። የአንዱን ማሳ ውጤት ያለ ፈቃዱ ለሌላው አታሳዩ። የተሳሳተ ልኬት ካለ "ይሄ ተበላሽቶብናል" በሉ። ቀኑ ደርሶ ውጤቱ ገና ካልመጣም፣ "አልመጣም" ብላችሁ ለመናገር ሂዱ።